አኩዛቲቮ ማለት ከሳሽ ነው? ማን ማንን ከሰሰ?

ማራኪ_ልጅ
እሑድ ማታ 2፡40

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ካጠፋሁ ይቅርታ።

ኤስፔራንቶ እየተማርኩ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፣ ወንድሜም ስቋል። ከሁለት ወር በፊት ስልኬ ላይ ጫንኩት። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ አልጋ ላይ ሆኜ እየነካካሁ እዚህ ደረስኩ። ለማያውቅ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው ቋንቋ ነው። ዛመንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም በ1887 (በእኛ 1879) ዋርሶ ላይ አሳተመው።

እስካሁን ደስ ብሎኝ ነበር። ስም ሁሉ በ«ኦ» ያልቃል። ቅጽል በ«አ»። ብዙ ከሆነ «ይ» ትጨመራለች። አለቀ። እንግሊዝኛ ክፍል እንዳለቀስኩት የሚያስለቅስ ነገር የለውም።

ከዚያ «አኩዛቲቮ» የሚባል ትምህርት መጣ። ድርጊቱ የሚያርፍበት ቃል መጨረሻ ላይ «ን» ጨምሪ ይላል። ሚ ማንጃስ ፓኖን። ዳቦ እበላለሁ። ይቺማ የራሳችን «ን» ናት ብዬ አለፍኩ። በሳምንቱ ግን «አኩዚ» የሚል ግስ መጣ። ትርጉሙ መክሰስ። ተመልሼ «አኩዛቲቮ»ን ሳየው የክስ ነገር ነው።

እና ጥያቄዬ፦ ዳቦ ስለበላሁ ማን ነው የሚከሰኝ? ሰውየው ቋንቋውን ከዜሮ ከፈጠረው እንዲህ ያለ ስም ለምን አወጣ?


ነገረፈጅ
እሑድ ማታ 2፡52

ዳቦው ነዋ የሚከስሽ። ዳቦ ከሳሽ፣ አንቺ ተከሳሽ፣ ቅቤው ምስክር።

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ 11 ዓመቴ ነው፤ ዳቦ የከሰሰው ሰው ግን እስካሁን አልመጣልኝም። እንግሊዞችስ የሰዋስው ሙያን (ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሥራ) «ኬዝ» አይደል የሚሉት? እኛ ደግሞ የፍርድ ቤቱን ጉዳይ «ኬዙ ምንድን ነው» እንላለን። እንግዲህ «የከሳሽ ኬዝ» ሊሆን ነው። መዝገብ ቁጥር ስጡት።


ቬርዳ_ስቴሎ
እሑድ ማታ 4፡05

ማራኪ እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ነው የነካሽው። እኔ ይህን ቋንቋ ሳሙና በር ሆኜ ብቻዬን ስማር ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የማወራው ሰው አጥቼ ነበር፣ ስለዚህ ረዘም ካደረግኩት ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ዛመንሆፍ ስሙን አላወጣም። ያገኘውን ነው ያነሣው። «አኩዛቲቮ» ከላቲኑ «አኩዛቲቩስ» ነው። ቃል በቃል «የመክሰስ» ማለት ነው እንጂ «ከሳሽ» አይደለም። ላቲኑ «አኩሳሬ» ደግሞ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው፤ «አድ» ማለት ወደ፣ «ካውሳ» ማለት ጉዳይ፣ ክርክር። ሰውን ወደ ክርክር ማምጣት፣ መክሰስ።

ላቲኖችም ከራሳቸው አላወጡትም። ከግሪክ ነው የተረጎሙት። ግሪኮቹ ይህን ሙያ «አይቲያቲኬ» ይሉት ነበር። ሥሩ «አይቲያ» ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «አይቲያ» ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ምክንያት፣ ሌላው ወቀሳ፣ ክስ። የግሪክ ሰዋስው ሰዎች ያሰቡት የመጀመሪያውን እንደሆነ ነው አብዛኞቹ ሊቃውንት የሚስማሙት። «አይቲያቶን» ማለት በምክንያት የመጣ፣ የተደረገ፣ ውጤት ነው። ድርጊት አለ፣ ድርጊቱ ያስከተለው ነገር አለ። ዳቦው የመብላትሽ ውጤት ነው። (ለጊዜው።)

ሮማዊው ተርጓሚ ግን ሁለተኛውን ፊት ያዘ። ቫሮ የሚባለው ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ ስያሜው በክስ ቃል ተቀርጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ 2000 ዓመት ሙሉ ዳቦ ይከሳል። የሚገርመው ስህተቱ የተሰማቸውም ነበሩ። ከ500 ዓ.ም. አካባቢ ቁስጥንጥንያ ላይ ላቲን ያስተምር የነበረው ፕሪስኪያን ለዚሁ ሙያ «ካውሳቲቩስ» የሚል ሁለተኛ ስም ጠቅሷል። የምክንያት ማለት ነው። ትክክለኛው ተትቶ ቀረ፣ የተሳሳተው ኖረ።

ለነገረፈጅ፦ «ኬዝ» ደግሞ መውደቅ ማለት ነው። ግሪኮቹ «ፕቶሲስ» አሉት፣ ላቲኖቹ «ካሱስ»፣ ኤስፔራንቶ «ካዞ»። ስሙ ቀጥ ብሎ ከቆመበት ወደ ጎን ሲያዘነብል አድርገው ነው ያዩት። ስለዚህ ሲደመር «የመክሰስ ውድቀት» ይሆናል። መዝገብ ቁጥር አያስፈልገውም፣ ተዘግቷል።


ዝም_ብለህ_እለፍ
እሑድ ማታ 4፡11

ይሄ ቋንቋ ስንት ብር ያስገኛል? እንግሊዝኛውን ሳንችል


ማራኪ_ልጅ
እሑድ ማታ 4፡14

ዜሮ ብር። ካርታ መጫወትም ዜሮ ብር ነው።


ነገረፈጅ
ሰኞ ጠዋት 1፡30

ቬርዳ ወንድሜ፣ ቀልዴን ወደ ቁም ነገር ቀየርከው፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

«አይቲያ» ያልከው ቃል አማርኛ የለውም መሰለህ? አለው። «ሰበብ» ነው። ሰበብ ምክንያት ነው፤ ዝናቡ ሰበብ ሆነና ሳንሄድ ቀረን ትላለህ። ሰበብ ወቀሳም ነው፤ ሰበቡን እኔ ላይ ለጠፈው ትላለህ። ሰበበኛ ሰው ደግሞ የክስ ቀዳዳ የሚፈልግ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ፊት፣ ልክ እንዳልከው።

የእኛን ሥራማ ተወው። የፍትሐ ብሔር ክስ ስጽፍ «ከሳሽ» እላለሁ፣ «ተከሳሽ» እላለሁ፣ ከሥሩ «የክስ ምክንያት» አሰፍራለሁ። እሷ ከሌለች ዳኛው መዝገቡን ይዘጋዋል። ክስና ምክንያት እኔ ብዕር ሥር በየቀኑ ጎን ለጎን ነው የሚውሉት። ሮማዊው ተርጓሚ ማመልከቻ ጸሐፊ ሳይሆን አይቀርም። «ነገር» ራሱስ? ዕቃም ነው፣ ወሬም ነው፣ ሙግትም ነው። ባይሆንማ ጠበቃው ነገረ ፈጅ ተብሎ አይጠራም ነበር፣ እኔም ይሄን ስም አልወስድም ነበር።

አሁን ባለጉዳይ መጣ። የድንበር ክርክር። ሰበቡ የአንድ ባሕር ዛፍ ጥላ ነው።


መተማ_መንገድ
ሰኞ ቀን 7፡20

እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ ሰዋስው ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ አላየሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አማርኛው «ተሳቢ» አይደል? አስተማሪያችን ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ ብላ ነው ያስተማረችን። እኔ ያኔም የገባኝ የመኪና ተሳቢ ነበር። አሁንም ያው ነው።

የምር ግን ይገጥማል። አዘዞ መገንጠያው ላይ ቆማችሁ እዩ። ፊተኛው ይስባል፣ ኋለኛው ይሳባል። በራሱ ሞተር የለውም። ፍሬኑ ራሱ በቱቦ ከፊተኛው አየር ካልመጣለት አይለቅም። ዳቦውም እንደዛ አይደለም? «በላሁ» የሚለው ካልጎተተው ቁጭ ብሎ ይውላል። ከሳሽ ተከሳሽ ምን ያመጣዋል?

ወደ ኋላ ስትነዳ ደግሞ ተሳቢው ተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው። መሪውን ወደ ግራ ስታዞር እሱ ወደ ቀኝ። ለዚህም ሰዋስው ውስጥ ስም ካለው ንገሩኝ።


የበዓታ_ደጅ
ሰኞ ማታ 1፡10

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት ይህን ያነበበችልኝ፣ የምለውንም እሷ ናት የምትጽፈው። እኔ ጎጃም ቅኔ ተቀኝቼ፣ አቋቋም ልማር ብዬ ጎንደር በዓታ መጥቼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ።

ሾፌሩ ያለው ልክ ነው። «ተሳቢ» ከግእዙ «ሰሐበ» ነው፣ ሳበ። ቅኔ ቤት ውስጥ ሳቢና ተሳቢ ይባላል። ማሰሪያው ግስ ይስባል፣ ስሙ ይሳባል። ሲሳብ ደግሞ መጨረሻው ይለወጣል። በሳድስ ያለቀ ወደ ግእዝ ይመለሳል። «ቤት» የነበረው «ቤተ» ይሆናል። ሐነጸ ቤተ። ቤት ሠራ። በሣልስ ያለቀ ወደ ኃምስ ይሄዳል፣ «ብእሲ» «ብእሴ» ይላል። የሰው ስም ሲሆን «ሃ» ይጨምራል፣ «ዳዊትሃ»።

ማታ ማታ የኔታ ደጃፍ ላይ ተደርድረን ቅኔ ስንቆጥር፣ አንዱ ልጅ «ሐነጸ ቤት» አለ። የኔታ ዓይናቸው አያይም ነበር። በትራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና «ተው፣ ቤቱ ገና አልተሳበም፣ ሳትስበው እንዴት ይታነጻል?» አሉት። ልጁ ድንጋይ እንደሚጎትት ሰው አንገቱን ደፍቶ «ቤተ» አለ። እስከ ዛሬ «ቤተ መንግሥት» በተባለ ቁጥር እሱ ልጅ ይታየኛል። (ይህችኛዋ «ቤተ» የዘርፍ ናት እንጂ የተሳቢ አይደለችም። መልኳ ግን አንድ ነው። አታደናግሩ።)

1879 ብላ ጻፈች ያቺ ልጅ። በዓመቱ በ1880 እኮ ነው ደርቡሽ ገብቶ ጎንደርን ያቃጠለው። ሰውየው በዚያ ሁሉን የሚያስማማ ቋንቋ ሲያትም እዚህ መጽሐፍ ይነድ ነበር።


መተማ_መንገድ
ሰኞ ማታ 1፡25

አባ፣ እግዜር ይስጥልን። አንቱ ያሉትን ለረዳቴ አነበብኩለት፣ «ሳትስበው እንዴት ይታነጻል» የሚለውን መኪናው ላይ እናጽፈው እያለኝ ነው።


ቀሪ_አዲስዓለም
ሰኞ ማታ 3፡00

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። አባታችን ስለ ግእዝ ያሉትን ሳነብ የነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) ደርሳችን ትዝ አለኝ። እኛ ሸሁ ዘንድ ስንቀራ ይህ ሙያ «ነስብ» ነው የሚባለው። ማቆም፣ መትከል እንደ ማለት ነው። ምልክቱ ፈትሃ ናት። «አ» ብላ ትጨርሳለች። ከግእዙ «ቤተ» ጋር እዩት፣ አንድ ድምፅ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዶች ስለሆኑ ከአንድ አያት የወረሱት ነው።

ቃሉን ራሱን ደግሞ «መፍዑል ቢሂ» እንለዋለን። የተደረገበት ማለት ነው። ክስ የለበትም። ግሪኮቹ አሰቡት ከተባለው ጋር ነው የሚቀርበው።

ምሳሌው ግን አንድ ነው፣ ነህው የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። «ዶረበ ዘይዱን ዐምረን»። ዘይድ ዐምርን መታው። ስንት መቶ ዓመት፣ በየመስጊዱ፣ በየደርሱ፣ ዘይድ ዐምርን ይመታዋል። አንድ ቀን እንኳ ዐምር አይመልስም። ልጅ ሆኜ ያሳዝነኝ ነበር። አንዴ ሸሁን «ዐምር ምን አጥፍቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁና «ተነስቦ» አሉኝ።


ነገረፈጅ
ሰኞ ማታ 3፡04

ይኸው! ትክክለኛው ከሳሽ ተገኘ። ዐምር ይምጣልኝ፣ ማመልከቻውን በነፃ ነው የምጽፍለት። ድብደባ፣ በተደጋጋሚ፣ በምስክር ፊት።


ማራኪ_ልጅ
ሰኞ ማታ 3፡30

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ቬርዳ፣ ዛመንሆፍ ያገኘውን ነው ያነሣው አልከኝ። ለምን? ሰውየው እኮ ቃል ሁሉ ግልጽ ይሁን ያለ ሰው ነው። ገበሬ ሁሉ በቀላሉ ይማረው ያለ ሰው እንዴት ለገበሬ «የመክሰስ ውድቀት» ይሰጠዋል?


ቬርዳ_ስቴሎ
ማክሰኞ ማታ 2፡00

አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት።

አንደኛ፣ ለእሱ ጆሮ ስህተት ሆኖ አልተሰማውም ብዬ እገምታለሁ። ቢያሊስቶክ የተወለደ፣ ሩስኛ እያወራ ያደገ ሰው ነው። የሩስኛውን ስም እዩት፤ «ቪኒቴልኒ»። ሥሩ «ቪና» ነው፣ ጥፋት፣ በደል። በድሮው የስላቭ ቋንቋ «ቪና» ምክንያትም ማለት ነበር። ያው ሰበብ በሉት። ስለዚህ ከላቲን ቢወስደው፣ ከሩስኛ ቢወስደው፣ ክሱ አይቀርለትም። ፖላንዶቹ ግን «ቢየርኒክ» ብለው አመለጡ፣ የተገብሮ እንደ ማለት።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ በሩስኛ ነው የወጣው። በዚያው ዓመት በፖላንድኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ተከተለ። ተማሪ ቤት የሄደ አንባቢ «አኩዛቲቮ» ሲል ወዲያው ይገባዋል። አዲስ ስም ቢያወጣ ያንን ማስረዳት ነበረበት። የ16ቱ ሕጎች ሁለተኛው ላይ ሁለት ሙያ ብቻ አለ ይላል፤ ኖሚናቲቮ (የባለቤት) እና አኩዛቲቮ። «ን»ን በመጨመር ይሠራል። በዚህ አበቃ።

ደግሞ ስሙን ሳይሆን ነገሩን ራሱን ሊጥለው ነበር። በፈረንጅ በ1894 ማሻሻያ ብሎ ባቀረበው ውስጥ ይቺ «ን» የለችም። አንባቢዎቹ ድምፅ ሰጡ፣ አብዛኞቹ አንፈልግም አሉ። በ1907 ከኤስፔራንቶ ተገንጥሎ የወጣው «ኢዶ» የሚባል ቋንቋ ደግሞ በ«ን» የሚጠቀመው ተሳቢው ከባለቤቱ ቀድሞ ሲመጣ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ኤስፔራንቶን ነው የምደግፈው። «ላ ሁንዶ ሞርዳስ ላ ቪሮን»፣ ውሻው ሰውየውን ይነክሳል። ገልብጠሽ «ላ ቪሮን ሞርዳስ ላ ሁንዶ» ብትይም የሚነከሰው ያው ሰውየው ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ አዲስ አይደለም። «ሰውየውን ውሻው ነከሰው» እንላለን፣ ማንም አይደናገርም። እንግሊዝ ነው የሚደናገረው።

ሦስተኛ፣ ዛሬ ያሉ አንዳንድ የኤስፔራንቶ ሰዋስው ጸሐፊዎች «አኩዛቲቮ»ን ይሸሹታል። «ኖ-ፊናዦ» ይሉታል፣ የ«ን» መድረሻ። ምክንያቱም «ን» ተሳቢ ላይ ብቻ አይደለችም። ወደ ቦታ ስትሄጂም ትመጣለች፤ «ሚ ኢራስ ጎንዳሮን»፣ ወደ ጎንደር እሄዳለሁ። ቀን ስትጠሪም ትመጣለች፤ «ሚ ቬኖስ ሉንዶን»።

(ደግሞ «ዠ»ን እዩልኝ። ኤስፔራንቶ ለዚህ ድምፅ «ጄ» ላይ ባርኔጣ ይደፋል፣ በስልክ ለመጻፍ ጣር ነው። እኛ ፊደል ገበታ ላይ ተቀምጣለች። «ሸ»ም፣ «ቸ»ም፣ «ኸ»ም እንደዛው።)


መተማ_መንገድ
ማክሰኞ ማታ 2፡09

ሎንዶን ትሄዳለህ እንዴ?


ቬርዳ_ስቴሎ
ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሃሃ፣ ሉንዶ ሰኞ ነው። «ሰኞ እመጣለሁ» ማለት ነው። ለንደን «ሎንዶኖ» ነው። እኔም መጀመሪያ አንብቤው ሰውየው እንግሊዝ አገር ነው ብዬ ነበር።


ማራኪ_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 2፡40

ቆይ፣ ቆይ። ቀን ላይ «ን» መጨመር እኛም እኮ አለን! ነገረፈጅ ቅድም ምን አለ? «ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ»። ሌሊቱን ማን ሳበው? «ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ»። ዝናብ ቀኑን ምን አደረገው? የጊዜ «ን» ናት።

ሌላም አለ። «ራሴን አመመኝ» እንላለን። ማነው ያመመኝ? ራሴ ነው እንዳልል «ን» አለበት። «ን» ካለበት ተሳቢ ነው። ተሳቢ ከሆነ ባለቤቱ የት ሄደ?


የበዓታ_ደጅ
ማክሰኞ ማታ 3፡20

ይህን ጥያቄ ለየኔታ ብታመጪላቸው ኖሮ ሦስት ቀን ራታቸውን አይበሉም ነበር።

ባለቤቱ ሥውር ነው። «አመመኝ» ውስጥ ያለው «እሱ» ነው፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሕመም በለው። የሚያመው እሱ ነው፣ የሚታመመው እኔ ነኝ፣ ራሴ ደግሞ ሕመሙ ያረፈበት ቦታ ነው። «በረደኝ»ም እንደዚያው፣ «ራበኝ»ም እንደዚያው። ባለቤቱ ተሰውሮ ይስባል።


ቬርዳ_ስቴሎ
ማክሰኞ ማታ 3፡45

አባ፣ በትህትና እዚህ ላይ በከፊል ልቃወም። «ራበኝ» ላይ «ን» ያለበት ስም የለም፣ እሱን ከዚህ ብንለየው ይሻላል። «ራሴን አመመኝ» ላይ ግን «ን» የምታሳየው ቦታ ነው እንጂ የተሳበ ዕቃ አይደለም ባይ ነኝ። «እግሬን ቆረጠመኝ»፣ «ወገቤን ያዘኝ»። ተሳቢው «ኝ» ነው፣ እኔ። «ራሴን» የት ላይ እንደሆነ ነው የሚነግረን። ልክ «ሌሊቱን» መቼ እንደሆነ እንደሚነግረን።

ማራኪ፣ ይሄን በኤስፔራንቶ እንዳለ እንዳትገለብጪው። እነሱ «ላ ካፖ ዶሎራስ አል ሚ» ይላሉ፣ ራስ ባለቤት ነው፣ «ን» የለውም።


የበዓታ_ደጅ
ማክሰኞ ማታ 3፡58

ተቀብያለሁ። ግማሹን።


ነገረፈጅ
ረቡዕ ጠዋት 2፡10

እኔ ደግሞ «ራሴን አመመኝ» ላይ ከሳሹም ተከሳሹም እኔው ነኝ እላለሁ። ትናንት ማታ ጠላ ነበር።


ቬርዳ_ስቴሎ
ረቡዕ ማታ 2፡30

አንድ ነገር ሳልል እንዳይቀር። ማራኪ ስለ ገበሬው ያለችው ከአእምሮዬ አልወጣም።

ኤስፔራንቶ የራሱን ስም ለማውጣት ሁሉም ዕቃ አለው። «አንት» አድራጊን ይሠራል፣ «አት» ደግሞ የሚደረግበትን። «አኩዛንቶ» ከሳሽ ነው። «አኩዛቶ» ተከሳሽ ነው። በቋንቋው በራሱ ሕግ ዳቦው ቢበዛ «አኩዛቶ» መሆን ነበረበት፣ የሚከሰስ።

ግሪኮቹ ያሰቡትስ? «ካውዚ» ማለት ምክንያት ሆኖ ማምጣት ነው። «ካውዛቶ» ብትይ ያ «አይቲያቶን» የተባለው ቃል ቁርጥ ነው። አንድም ፊደል ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ።

ከሁሉም የሚጥመኝ ግን ይሄ ነው። «ቲሪ» ማለት መሳብ። «ቲራቶ» ማለት የሚሳብ፣ ተሳቢ። የቅኔ ቤቱ ስም ማለት ነው፣ በኤስፔራንቶ። ገበሬ ቢሆን፣ ሾፌር ቢሆን፣ ሳይነግሩት ይገባዋል። ቋንቋው ሲሠራ እነዚህ ቁርጥራጮች ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ዛመንሆፍ ቀና ብሎ ከመደርደሪያው የድሮውን ዕቃ አነሣ። ስህተቱ በግሪክና በላቲን መካከል ተወለደ፣ ሩስኛንም አዳረሰ፣ መጨረሻ ላይ ስህተት የለበትም የተባለ ቤት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።


ቀሪ_አዲስዓለም
ረቡዕ ማታ 2፡41

«ቲራቶ»ን ወደድኩት። ዐምርም ሳይሻለው አይቀርም፣ ከመመታት መሳብ።


ማራኪ_ልጅ
ሐሙስ ማታ 2፡00

በሉ ፈትኑኝ። ራሴ የሠራሁት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከአባ ምሳሌ የወሰድኩት።

«ፋሲል ኮንስትሩይስ ላ ግራንዳን ካስቴሎ።»

ፋሲል ትልቁን ግንብ ሠራ። ልክ ነው?


ቬርዳ_ስቴሎ
ሐሙስ ማታ 2፡20

ለትንሽ አመለጠሽ። «ካስቴሎን» ነው። ቅጽሉም ስሙም «ን» ይይዛሉ፤ «ላ ግራንዳን ካስቴሎን»።

አትናደጂ፣ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ኤስፔራንቶውን አይደለም የረሳሽው፣ አማርኛው ነው የያዘሽ። እኛ «ትልቁን ግንብ» ነው የምንለው። «ን»ን ፊት ያለው ቅጽል ይሸከማል፣ ስሙ ባዶውን ይሄዳል። «ትልቁን ግንቡን» የሚል የለም። እነሱ ግን ለሁሉም ያድላሉ። ደግሞ የኛዋ «ን» መርጣ ነው የምትቀመጠው፤ «ዳቦ በላሁ» ላይ የለችም፣ «ዳቦውን በላሁት» ላይ አለች። የታወቀ ዳቦ ካልሆነ አትመጣም። የእነሱዋ ለማንኛውም ዳቦ ትመጣለች።


ማራኪ_ልጅ
ሐሙስ ማታ 2፡24

ላ ግራንዳን ካስቴሎን። ላ ግራንዳን ካስቴሎን። ወንድሜ «ምን ሆንሽ» እያለ ነው።


መተማ_መንገድ
ሐሙስ ማታ 3፡10

ቬርዳ፣ አንድ ጥያቄ። የመኪናው ተሳቢ በነሱ ቋንቋ ምንድን ነው? ነገ ሌሊት 10 ሰዓት ከአዘዞ እነሣለሁ፣ ረዳቴ ላይ ልሞክረው።


ቬርዳ_ስቴሎ
ሐሙስ ማታ 3፡18

«ሬሞርኮ»። ጣሊያኖቹ «ሪሞርኪዮ» የሚሉት ነው። «ተሳቢውን እስባለሁ» ለማለት «ሚ ቲራስ ላ ሬሞርኮን»።


መተማ_መንገድ
ሐሙስ ማታ 3፡21

ሚ ቲራስ ላ ሬሞርኮ


የበዓታ_ደጅ
ሐሙስ ማታ 3፡26

ተው ልጄ። ገና አልተሳበም።


መተማ_መንገድ
ሐሙስ ማታ 3፡27

ሬሞርኮን! ሬሞርኮን አባ!